ሥራ ጀማሪ ራሱን ማገዶ ሊያደርግ ይገባዋልን?

ሰው ጥሮ ግሮ እንዲኖር በመጽሐፍ የታዘዘ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በየከተማው ጥቂት ገንዘብ ይዘው ወይም ተበድረው አዲስ ድርጅት የሚያቋቁሙትን ወጣቶች ልናመሰግናቸው እንጂ ልንነቅፋቸው አይገባም። በዘመኑ አነጋገር «ስታርታፕ» የሚባለውም ይኸው ነው፤ ገና ያልተፈተነ ሐሳብ ይዞ ፈጥኖ ለማደግ የሚነሣ ሥራ ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ ከሚሄዱት ብዙዎቹ ሁለት ነገር ሲያጡ እንመለከታለን፤ ይኸውም ዕረፍታቸውንና እውነተኛ መልካቸውን ነው። የሁለቱም መጥፋት ከአንድ ሥር የበቀለ ይመስለናል።

ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው አንድ የእርሻ ልማድ አለ። ጦም ያደረውን መሬት በበጋ ደጋግሞ ያርስና አፈሩን ከደረቀ ኩበት ጋር በክምር በክምር አድርጎ እሳት ይለቅበታል፤ ክምሩም ውስጥ ለውስጥ ለብዙ ቀን ይጤሳል። ከዚያም የተቃጠለውን አፈር በትኖ ገብስ ይዘራበታል። በመጀመሪያው ዓመት አዝመራው ያስደንቃል። በሁለተኛው ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ግን መሬቱ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ጦም ማደር አለበት፤ እሳቱ በአፈሩ ውስጥ የነበረውን ምግብ ባንድ ጊዜ ለቅቆ ለብዙ ዘመን ያገለግል የነበረውን ብስባሽ ጨርሶታልና። ገበሬው ይህን ማድረግ የሚችለው እስኪያገግም የሚያርሰው ሌላ መሬት ያለው እንደ ሆነ ነው። ራሱን የማገደ ሰው ግን እስኪያገግም የሚኖርባት ሁለተኛ ነፍስ የለችውም።

በአንጻሩ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ከተማ በሆነችው በደነባ ዙሪያ ያለውን የጥቁር አፈር ገበሬ እንይ። ክረምቱ ሲበረታ መሬቱ ውሃ ስለሚቋጥር ሽምብራውንና ጓያውን ዝናሙ እስኪያባራ ጠብቆ ይዘራል እንጂ፥ ቀላል አፈር ያለው ሌላው ገበሬ ቀድሞ ስለ ዘራ ብቻ አይቸኩልም። ይህም መሬቱን ማወቁ ነው እንጂ ስንፍና አይባልም።

ሥራ ጀማሪው ግን ብዙ ጊዜ በሌላው ሰው ወቅት ይዘራል። በአበዳሪ ፊት ያልሸጠውን እንደ ሸጠ፥ በሠራተኞቹ ፊት ሌሊቱን በሐሳብ ሲገላበጥ አድሮ ሳለ በሰላም እንዳደረ፥ በሰፈሩም ከስሮ ሳለ እንዳተረፈ ሆኖ ይታያል። በወንጌል ግብዝ ተብሎ የተተረጐመው የጽርእ ቃል አስቀድሞ በቴአትር ጭምብል አጥልቆ የሚጫወተውን ሰው የሚያመለክት ነበር። ጭምብል አጥልቆ መሥራት ድካሙን እጥፍ ያደርገዋል፤ ባለቤቱ ቀን ድርጅቱን፥ ሌሊት መልኩን ሲጠብቅ ያድራልና። እዚህ ላይ የሰነፍ ጠበቃ እንዳንመስል እንሰጋለን፤ ያለ ድካም የቆመ ቤት የለም። የምንነቅፈው ድካሙን ሳይሆን መሸሸጉን ነው።

ሌላውን ሳይመስሉ መነሣት እንደሚቻል ምስክር አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ሲያቋቁሙ፥ የባዕድ ጫማ አስመስሎ ከመሥራት ይልቅ ከአሮጌ ጎማ የሚቆረጠውን በረባሶና በእጅ የተፈተለውን ጥጥ መነሻ አደረጉ። የሰፈራቸውን ሙያ እንደ ነውር ሳይሸሽጉ ወደ ውጭ ገበያ ይዘውት ወጡ።

ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ያን ታላቅ ሥራ ከሠራ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በምድረ በዳ ከአንድ ዛፍ ሥር ሆኖ ሞትን ለመነ። ዐቅሙ ማለቁን ለአምላኩ በግልጥ ተናገረ እንጂ በርትቻለሁ አላለም። መልአኩም አልገሠጸውም፤ ስለ ተልእኮውም አልጠየቀውም፤ እንጎቻና ውሃ ሰጠው። ኤልያስ በልቶ እንደ ገና ተኛ፤ መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። ብቻዬን ቀረሁ ይል ለነበረው ሰው ሌሎች 7,000 እንዳሉ የተነገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ በደነባም ሆነ በሌላው ስፍራ ያላችሁ የንስሐ አባቶች፥ አዲስ ሥራ የጀመረ የንስሐ ልጃችሁ ፊቱ ጠቍሮ ብታዩት፥ ስለ ጾሙና ስለ ምጽዋቱ ከመጠየቃችሁ ጋር ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፥ ዕዳውንም ለሚስቱ ነግሯት እንደ ሆነ ጠይቁት። በሰንበት የሚሠራም ቢሆን በቍጣ አትጀምሩ፤ ማንን ፈርቶ እንደሚሠራ አስቀድማችሁ ስሙት።