ሕመም ምስክር ያሻዋልን?

አንባቢ ሆይ! እስቲ አንድ ጥያቄ ላቅርብልዎ። ሰው «አሞኛል» ሲልዎ ለማመን ምን ያህል ማስረጃ ይፈልጋሉ? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታይዎ ይሆናል፤ ለእኔም ለብዙ ዘመን ቀላል ነበር።

በምኖርበት ከተማ እድር አለን። ለቅሶ ሲደርስ አባላቱ በየተራ ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ችግር ያጋጠመው ለኮሚቴው ካስታወቀ ተራው ይተላለፍለታል። ከአባሎቻችን አንዲቱን ከጥቂት ዓመታት በፊት ሩማቶይድ አርትራይተስ ያዛት። ይህ በሽታ፣ ሰውነትን ከተሕዋስያን እንዲጠብቅ የተመደበው ኃይል ዞሮ የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት ነው። ጣቶቿ አብጠው ማማሰያ መያዝ ሲሳናት ሁላችንም አየን። ያን ጊዜ ወረቀት የጠየቃት የለም። ብርቱካን ይዘን ሄደን «እግዚአብሔር ይማርሽ» አልናት፤ ተራዋንም ሌሎች ሸፈኑላት።

መድኃኒቱ ሠራ፤ እብጠቱ ጠፋ፤ የደም ምርመራውም ደህና ሆነ። ሕመሙ ግን አልሄደም። እንዲያውም ከጣት አልፎ ትከሻዋን፣ ጀርባዋን፣ ጭኗን አዳረሰው። ሌሊቱን ተኝታ ብታድርም ድንጋይ ስትሸከም እንዳደረ ሰው ደክሟት ትነሣለች። ተራዋ እንደገና እንዲተላለፍላት ስትጠይቅ፣ የእድሩ ጸሐፊ ነኝና፣ «ደምሽ ደህና ነው ተብሎ የለም እንዴ?» ያልኋት እኔ ነኝ። የሐኪም ወረቀት እንድታመጣ ተወስኖ በቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍሁትም እኔው ነኝ።

እስቲ ያስቡት። ሴትዮዋ ያችው ናት፤ ቃሏም ያው ነው። ለካስ በመጀመሪያው ጊዜ ያመንነው እብጠቱን እንጂ እርሷን አልነበረም!

ሐኪሞች ይህን ሁለተኛውን ሕመም ፋይብሮማያልጂያ ይሉታል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ካለባቸው ሰዎች ከአምስት አንዱን ያህል ያገኘዋል፤ በሉፐስ ሕመምተኞችም ዘንድ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛል። እሳቱ ከመገጣጠሚያው ላይ አይደለም። ስሜትን የሚያደርሱት ነርቮችና የሚቀበለው አንጎል ድምፁ ከልክ በላይ እንደ ተከፈተ ራዲዮ ስለሚሆኑ፣ ሹክሹክታው ጩኸት ሆኖ ይሰማል። ደምም ሆነ ራጅ ይህን አያሳይም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው መመዘኛ፣ ሐኪሙ ከሰውነት ላይ 18 ቦታዎችን በጣቱ ሲጫን ቢያንስ 11ዱ ማመም ነበረባቸው። በ2010 የወጣው መመዘኛ ግን መጫኑን ትቶ ሕመምተኛው ራሱ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ድካሙና ስለ እንቅልፉ የሚናገረውን ይቆጥራል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም በ2020 የሕመምን ትርጓሜ ሲያሻሽል፣ ሰው «ያመኛል» ብሎ የሚሰጠው ቃል ሊከበርለት እንደሚገባ አክሎበታል። ከእድራችን ኮሚቴ ሐኪሞቹ ቀድመው መስማት ጀምረዋል ማለት ነው።

እርስዎ ግን «የሚያስመስል ሰው የለምን?» ይሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! በአንድ ሰው ፈንታ ሌላው ሽንኩርት ሲከትፍ እንደሚያመሽም አውቃለሁ፤ የኮሚቴውን ጭንቀት አልንቀውም። ነገር ግን ሁለቱን ስሕተቶች በሚዛን ያስቀምጧቸው። ውሸታሙን ባምነው የምንከስረው የአንድ ድስት ወጥ ድካም ነው። እውነተኛይቱን ባላምናት ሕመሟ ላይ ኀፍረት እጨምርባታለሁ። ከዚህም የባሰ አለ። የፊተኛው በሽታዋ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። ነገ አዲስ ሕመም ቢነሣባት ያገረሸው እርሱ ሊሆን ይችላልና ቶሎ መመርመር አለባት። «እንደ ልማዷ ነው» እየተባለች የኖረች ሴት ግን ዝም ማለትን ትመርጣለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ አስደባቂዎቹ እኛ ስንሆንሳ?

ማመን ሲባል ታዲያ መንሥኤውን አውቄዋለሁ ማለት አይደለም። በሩማቶይድ አርትራይተስ ሕክምና የበሽታው ኃይል ሲለካ፣ ሲነኩ የሚያሙት መገጣጠሚያዎችና ሕመምተኛዋ ለራሷ ሁኔታ የምትሰጠው ግምት አብረው ይቆጠራሉ። ስለዚህ ፋይብሮማያልጂያ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ሐኪሙ ካላስተዋለ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመውን መድኃኒት በከንቱ ይጨምርባታል። ቀስ በቀስ እየበዛ የሚሄድ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የእንቅልፍ ሥርዓት፣ ለአንዳንዱም በነርቭ ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች ይሻሉት ነበር። አንዱ ሐኪም ደሙን ብቻ አይቶ ያሰናብታታል፤ ሌላው ቃሏን አምኖ ምክንያቱን ይስታል። ሁለቱም አልረዷትም።

የሕመምተኛ ጥየቃ ባህላችንም በዚህ ላይ ይቸግረዋል። መልካም ባህል ነው፤ ነገር ግን ለሚያልቅ በሽታ የተሠራ ይመስለኛል። ከበሩ ላይ «ተሻለሽ?» እንላለን። ይህች ሴት ምን ትመልስ? «አዎ» ካለች ዋሸች፤ «አልተሻለኝም» ካለች ጠያቂዋን አሳዘነች፣ በሦስተኛውም ወር አሰለቸች። አንድ ቀን «ዛሬ እንዴት አደረብሽ?» ብዬ ብጠይቃት ቁጭ ብላ ግማሽ ሰዓት ያህል አወራችልኝ። ስለ ሕመሙ የተናገረችው ግን ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ የቀረው ስለ ልጇ ትምህርት ነበር።

በሚመጣው ስብሰባ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ሲነበብ፣ ስለ ወረቀቱ የጻፍሁት መስመር እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ እንደሚቃወሙኝ ከወዲሁ ነግረውኛል። እርሷም ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ስብሰባ መምጣት ትታለች።