ሰሙ ሰው ሲሆን

የመጀመሪያው የቤት ሥራችን አጭር ነበር፦ «አንድ ታሪክ በስድስት ጊፍ ንገሩ። ጽሑፍ አይፈቀድም።»

ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ፣ በሚምና በጊፍ ታሪክ መንገርን የሚያስተምር ሥልጠና ነው። ስመዘገብ ትንሽ ንቄው ነበር። ሶፍትዌር መሥራት እንጀራዬ ነው፤ ቪዲዮ ቆርጦ ማስደጋገም ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ደግሞስ ቀኑን ሙሉ በቴሌግራም ስቲከር ለሚያወራ ሰው?

ያስፈልገዋል ለካ። ጊፍ እ.ኤ.አ. በ1987 ኮምፒዩሰርቭ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲያወጣው፣ በዚያን ጊዜው ቀርፋፋ የስልክ መስመር ምስል እንዲያልፍ ታስቦ የተሠራ ፎርማት ነው። ድምፅ የለውም፤ በአንድ ፍሬም ከ256 ቀለም በላይ አይዝም። ዛሬ ቴሌግራም ላይ ጊፍ የምንለው በአብዛኛው ድምፅ አልባ ኤምፒ4 ቪዲዮ ነው፤ ጠባዩ ግን ያው ነው። ድምፅ ስለሌለ ፊት ይናገራል። መጀመሪያና መጨረሻ ስለሌለው ደግሞ የአንድ አፍታ ድርጊት የሰውየው ጠባይ ይመስላል። ሰው አንዴ ያዛጋል፤ በጊፍ ግን ሲያዛጋ ይኖራል።

ይህን ሁሉ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። የገባኝ ግን በኋላ ነው።

የመረጥኩት ታሪክ «ሰኞ ጠዋት» ነበር። አምስቱን ጊፍ ከኢንተርኔት አገኘሁ። ስድስተኛው ጠፋ። አንድ ቀን ማለዳ ስወጣ የግቢያችን ጥበቃ ፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። ጭንቅላታቸው ዝቅ ይላል፤ ድንገት ባንነው ይነሡና ማንም ለሌለበት በር ሰላምታ ይሰጣሉ። ሦስት ሰከንድ ቀረጽኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስቲከር አደረግኩትና የመሥሪያ ቤት ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአክስቴ ልጅ፣ የእኔ መሆኑን ሳታውቅ፣ መልሳ ላከችልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮራሁ። ከጻፍኩት ኮድ ሁሉ እንደዚህ የተወደደልኝ የለም።

ከዚያ ስቲከሩ የግቢያችን ነዋሪዎች ግሩፕ ደረሰ። አንዱ፣ «ይሄ የእኛ ጥበቃ አይደል እንዴ? ለዚህ ነው የምንከፍለው?» ብሎ ጻፈ። ሌላው የሳቅ ኢሞጂ ጨመረበት። በሳምንቱ ኮሚቴው ጠርቶ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው።

ሦስት ቀን በሌላኛው በር ወጣሁ። በአራተኛው ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ያንን የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«ተረኛው ለቅሶ ሄዶ ሁለት ሌሊት አከታትዬ አድሬ ነው። ይሳቁ፤ ልጄ ስታሳየኝ እኔም ስቄያለሁ። ግን እሱንም አብረህ ብትነግራቸው ምን ነበረበት?»

መልስ አልነበረኝም። ሁለት ሌሊት በሦስት ሰከንድ ውስጥ አይገባም ልል እችል ነበር። ያ ግን የፎርማቱ ሰበብ ነው። ሰውዬውን ለመጠየቅ ፎርማቱ አልከለከለኝም።

ሚምን ስንከላከል «አዲሱ ሰምና ወርቅ ነው» ማለት እንወዳለን። እኔም ሥልጠናው ላይ ብዬዋለሁ። ስሙ ከአንጥረኛ ሥራ የመጣ ነው፦ አንጥረኛው ቅርጹን መጀመሪያ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ከዚያ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያስወጣና በቦታው ወርቅ ያፈስበታል። ቅኔ ላይ ሲሆን የሚቀልጠው ቃል ነው፤ ማንም አይጎዳም። እኔ ስቲከር ላይ ሰም ያደረግኩት ግን ሰው ነው። ወርቁ የእኔ የሰኞ ድካም ሆነ፤ የእሳቸው ድካም ቀልጦ ወጣ።

ተረቶቻችን ውስጥ ጅብ፣ ጦጣና አንበሳ የበዙት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ስለ ጎረቤት ሆዳምነት ማውራት ሲያስፈልግ ጅብ ይመጣል። ጎረቤትየው ራሱ እሳት ዳር ተቀምጦ ይስቃል፤ ገብቶትም ከሆነ ፊቱ አልተነካም። እኛ ገለበጥነው። የራሳችንን ስሜት ለመናገር የሌላ ሰው ፊት እንለብሳለን።

እ.ኤ.አ. በ2003 በካናዳ፣ ኩቤክ፣ አንድ ታዳጊ እንደ ስታር ዋርስ ተዋጊ ዘንግ ሲያወናጭፍ ለራሱ የቀረጸውን ቪዲዮ የትምህርት ቤት ልጆች ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። ዓለም ሳቀ፤ ልጁ ግን ክፉኛ ተሰቃየ። በሌላ በኩል ሀንጋሪያዊው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አንድራሽ አራቶ አለ፤ ሕመሙን በፈገግታ የሚደብቅ የሚመስለው ሽማግሌ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለማስታወቂያ ፎቶ የተነሣው ወዶ ነው፤ ሚም መሆኑን ግን አልጠየቀም። መጀመሪያ ከፍቶት ነበር፤ በኋላ ግን መድረክ ላይ ወጥቶ ታሪኩን በራሱ አፍ መናገር ጀመረ። አራቶን ያዳነው ሚሙ መቆሙ አይደለም፤ አልቆመም። የራሱን ታሪክ የሚናገርበት ማይክ ማግኘቱ ነው። የእኛ ጋሼ ማይክ የላቸውም። ያላቸው በር ነው።

«እንዲህ ከተባለማ ቀልድ ይሞታል» የሚል አይጠፋም። አይመስለኝም። ባለሥልጣን በአደባባይ በተናገረው ሚም ቢሠራበት፣ እሱ መልስ የሚሰጥበት ቴሌቪዥን አለው። ጥያቄው መሳቅ አለመሳቅ አይደለም፤ የተሳቀበት ሰው መናገር ይችላል ወይ ነው። ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀምበት ይላል። «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት የያዘችኝ። ጋሼ ለእኔ ድሮውንም በር የሚከፍቱልኝ ሰው ብቻ ነበሩ። ስቲከሩ ያንን አልፈጠረውም፤ በተግባር አሳየኝ እንጂ።

አሁን ሁለት ነገር ራሴን እጠይቃለሁ። ከመቀረጹ በፊት የነበረውን አንድ ደቂቃ ብጨምርበት ያስቃል? ለማንም ከመላኬ በፊት ለራሱ ለባለ ፊቱ መላክ እችላለሁ? ለሁለቱም አዎ ካልኩ እለቃለሁ። ካልሆነ የራሴን ፊት እቀርጻለሁ፤ እሱም ቢሆን ያስቃል።

ስቲከሩን ከፓኩ ሰረዝኩት። ቀድሞ የተላከው ግን በየግሩፑ አለ። ኮድ ላይ የተሳሳትኩትን ወደ ትናንት እመልሳለሁ፤ ይሄኛው አይመለስም። ነዋሪዎች ግሩፕ ላይ የሁለቱን ሌሊት ነገር ጻፍኩ፤ ሦስት ሰው ልብ አደረገበት። ኮሚቴው ማስጠንቀቂያውን አነሣ፣ ጋሼም አሁን ሲያዩኝ ሰላም ይሉኛል። ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ ግን ቀና ብለው ይቀመጣሉ።