ከፍትፍቱ ፊቱ፤ ግን የማን ፊት?

ውድ አንባቢ፣ አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። ከምግቡ ይልቅ የሚያቀርበው ሰው ፊት ያጠግባል ማለታቸው ነው። በአስተማሪነት ዘመኔ ይህን አባባል ለተማሪዎቼ ሳስረዳ አንድም ቀን አልተጠራጠርኩትም። ዛሬ በሰው አገር ታክሲ ስነዳ ግን አንድ የፓኪስታኖች ጥብስ ጥያቄ አስነሳብኝ።

ስሙ ፓኮራ ይባላል። የሽምብራ ዱቄት በውኃ ይበጠበጥና ጨው፣ በርበሬ፣ ከሙን፣ ድንብላልና ነጭ አዝሙድ ይገባበታል። የተከተፈ ሽንኩርት፣ ድንች ወይም ቆስጣ ይለወስበትና ጥቂት ጥቂት እየተደረገ በጋለ ዘይት ይጠበሳል። የሽምብራ ዱቄት አቡክተን በጾም «የሽምብራ አሳ» ለምንሠራ ለእኛ ነገሩ ባዕድ አይደለም። እነርሱ ዝናብ ሲጥል ከሻይ ጋር ይበሉታል፤ በረመዳን ማፍጠሪያ ደግሞ ከቴምሩ ጎን አይታጣም።

ይህን ያህል የሚወደደው ስለ ምንድን ነው ቢሉ፣ ምስጢሩ ትኩስነቱ ላይ ነው። ሊጡ የጋለ ዘይት ሲነካ ውኃው በእንፋሎት ይወጣል፤ ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ ለስላሳ ይሆናል። ወጥቶ ከቆየ ግን የውስጡ እርጥበት ወደ ላይ ይመጣና ይልፈሰፈሳል። እንግዲህ ፓኮራ ሰው አይጠብቅም። ትኩሱን የሚበላ ሰው ካለ፣ ምድጃው ዘንድ የቆመ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው።

አንድ የረመዳን ምሽት አብሮኝ ታክሲ የሚነዳ ፓኪስታናዊ ባልንጀራዬ ቤቱ ጋበዘኝ። ጀንበር ስትጠልቅ ቴምር ቀመስን፤ ፓኮራውም በሳህን በሳህን ይመጣ ጀመር። ሚስቱም እንደ ባሏ ስትጾም ውላለች። እኛ ስንበላ ግን እሷ ወደ እሳቱ ዞራ ትጠብሳለች። እኔ ያየሁት ፊቷን ሳይሆን ጀርባዋን ነው። በመጨረሻ መጥታ ስትቀመጥ የቀረው የበረደ ስብርባሪ ነበር፤ እሱኑ በላች። ይህን ልብ ያልኩት እኔም ስምንተኛውን ከዋጥኩ በኋላ ነው።

በእነርሱ አይፍረዱ። የእኔም እናት ትኩሱን እንጀራ ለእኛ እያነሳች እሷ መጨረሻ ነበር የምትበላው። «እናት የምትጠግበው ልጆቿ ሲበሉ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ቃል እሷ ስትናገረው ፍቅር ነው፤ እኛ ስንናገርላት ግን ከመቀመጫችን ላለመነሳት ምክንያት ይሆነናል።

«ታዲያ ሁሉም ይጠብቅና ምግቡ ይብረድ?» ይሉኝ ይሆናል። አይደለም፤ ያኔማ ትኩሱን የሚቀምስ አንድም ሰው አይኖርም። መፍትሔው ተራ መግባት ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው ሰልፍ ተራዬን የቀደመኝን ሾፌር የማልምር ሰው፣ በቤቴ ተራ የሚባል ነገር መኖሩን ረስቼ ኖሬአለሁ።

በማግስቱ እሑድ ባለቤቴን አስቀምጬ ፓኮራ ልጠብስ ተነሳሁ። የመጀመሪያው ዘይቱ ሳይግል ስለ ጨመርኩት ዘይት ጠጣ። ሁለተኛው ቅርጹ ባያምርም ደህና ወጣ። ትኩሱን ነክሳ ስትስቅ አየሁ። በአሥራ አምስት ዓመት ትዳራችን ስንት ጊዜ ትኩስ ምግብ ስትበላ እንዳየኋት ለማስታወስ ሞከርኩና አፈርኩ።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ማታ ትኩስ ማዕድ ሲቀርብልዎ የቆመው ማን እንደሆነ ቀና ብለው ይመልከቱ፤ ከዚያም በተራዎ ይነሡ።