አበዳሪው ደጅ ይቁም

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ስለ ዕዳ ሲደነግግ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ትእዛዝ አለው። ያበደረ ሰው መያዣ ሊቀበል ሲሄድ ወደ ባለዕዳው ቤት መግባት አይችልም። ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ መያዣውን ይዞ የሚወጣው ባለቤቱ ነው። ድሃ ልብሱን ቢያሲዝ፣ ለብሶት እንዲያድር ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለስለታል። ወፍጮማ ጭራሹኑ አይያዝም። ሕጉ ዕዳውን አልሰረዘም፤ ዕዳ ከሰው ላይ ምን ሊወስድ እንደሚችልና ምኑን መንካት እንደሌለበት ግን ለይቶ አስቀምጧል።

ይህ ጥያቄ ዛሬ በየወሩ ከሚነሳባቸው ቦታዎች አንዷ ሚልዋኪ ናት። በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ያለችው ይህች የዊስኮንሲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ 577 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። በኑሮ ውድነት ስሟ አይነሳም፤ እንዲያውም ከኒው ዮርክ ወይም ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር ሲያስተያዩዋት ርካሽ ናት ይሏታል። ርካሽ ለማን?

የግዛቷ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ2009 ወዲህ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው ግብር ሳይነሳለት በወር 1,257 ዶላር ገደማ ያገኛል። የፌዴራል መንግሥት የቤት ድጎማ ሲሰላ ለኪራይ ይበቃል የሚባለው የገቢ 30 በመቶ ነው፤ ለዚህ ሠራተኛ 377 ዶላር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ ልጆች የሚያድጉበት ቤት በሚልዋኪ ገበያ የለም። ብዙዎች ከዝቅተኛው ክፍያ በላይ ያገኛሉ፤ ያም ሆኖ የሽሊትዝ ቢራ ፋብሪካ በ1981 ሲዘጋ፣ አሊስ ቻልመርስ በ1987 ሲከስር፣ ቤት ያስገዛ የነበረው የፋብሪካ ደመወዝ አብሮ ሄዷል።

ሶሲዮሎጂስቱ ማቲው ዴዝመንድ በ2008 እና በ2009 በከተማዋ ድሃ ሰፈሮች እየኖረ፣ ኪራይ መክፈል ያቃታቸውን ሰዎች ሕይወት ተከታትሏል። የጻፈው መጽሐፍ በ2017 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ዴዝመንድ ካያቸው ነገሮች አንዱ የማስወጣቱ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን ነው። የሸሪፉ ሰዎች በሩን ያንኳኳሉ፣ ዕቃ ጫኞች ይከተላሉ። ተከራዩ አንድ ምርጫ ይቀርብለታል፦ ዕቃው በመኪና ተጭኖ መጋዘን ይግባ ወይስ መንገድ ዳር ይውረድ? ፍራሹም፣ የገላ መታጠቢያው መጋረጃም፣ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ሥጋም ሳይቀር ይወጣል። መጋዘን የገባውም ቢሆን ወርሃዊ ክፍያው ስለማይቻል አብዛኛው መጨረሻው ቆሻሻ መጣያ ነው። ፍርድ ቤት ከቀረቡ ተከራዮች መካከል የመባረር ፍርድ ይበልጥ የሚወድቀው ልጆች ባሏቸው ላይ ነበር። ይህ ለማንበብም ያማል።

አከራዩም የሚለው አለው። የንብረት ግብር ይከፍላል፣ ጣሪያ ያስጠግናል፣ የባንክ ዕዳም ይኖርበታል፤ ኪራዩን መጠየቁ በራሱ ግፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ዴዝመንድ ከናታን ዊልመርስ ጋር በ2019 ያወጣው ጥናት፣ በድሃ ሰፈር ያሉ ቤቶች ኪራይ ከቤቱ ዋጋ አንጻር ሲታይ ከሀብታም ሰፈር እንደሚበልጥ አሳይቷል። ስለዚህ ሁሉንም በአከራዩ ወጪ ማሳበብ አያስኬድም።

የከተማዋ ሰዎች የቤትን ጉዳይ የእምነት ጉዳይ አድርገው ያዩበት ጊዜ ነበር። የካቶሊኩ ቄስ ጄምስ ግሮፒ ከጥቁር ወጣቶች ጋር ሆኖ ከነሐሴ 1967 ጀምሮ 200 ሌሊት ሰልፍ ወጥቷል። የጠየቁት ቤት በቆዳ ቀለም እንዳይከለከል ነበር። የምክር ቤት አባሏ ቬል ፊሊፕስ ከ1962 አንስታ ያቀረበችው ረቂቅ ሕግ በተደጋጋሚ 18 ለ1 ወድቋል፤ የተደገፈው በእሷ ድምፅ ብቻ ነበር። በ1968 የፌዴራሉ ሕግ ጸደቀ፣ ከተማዋም ተከተለች። በቀለም የተዘጋው በር በሕግ ተከፈተ፤ በዋጋ የተዘጋው ግን እንደተዘጋ ቀረ።

ዊስኮንሲን ግን የኦሪቱን ሐሳብ በአንድ ነገር ላይ ተቀብላዋለች። ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ፣ ደንበኛው ዕዳ ቢኖርበትም የቤት ማሞቂያው አይቆረጥበትም፤ ዕዳው ይቆያል፣ ሙቀቱ አይነካም። ቤቱን ግን ይህ ሕግ አይጠብቀውም። በጃንዋሪ ጋዙ ሊዘጋበት የማይችል ቤተሰብ፣ በዚያው ጃንዋሪ ጋዙ ከሚያሞቀው ቤት ሊወጣ ይችላል። ለዚህ አጥጋቢ ምክንያት ማግኘት ይከብዳል።

ፈረንሳይ ይህንኑ ክፍተት የዘጋችው ከአንድ ሞት በኋላ ነው። በ1954 ብርድ አንዲት ሴት ከቤት የወጣችበትን ወረቀት እንደያዘች ፓሪስ መንገድ ላይ ሞተች። አቤ ፒየር የተባለው ቄስ በሬዲዮ ለሕዝቡ ጥሪ አሰማ፤ በ1956 ደግሞ በብርዱ ወራት ተከራይን ማስወጣት የሚከለክል ሕግ ወጣ። ዛሬ ክልከላው ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ይጸናል። ኪራዩ አይሰረዝም፣ አከራዩ ፍርድ ቤት ከመሄድም አይከለከልም፤ የሚዘገየው አፈጻጸሙ ነው። ዊስኮንሲን የማሞቂያውን ቀን ለቤቱም ብታደርገው አከራዩ ለአምስት ወር ተኩል መጠበቅ ይኖርበታል፤ የዚያን ጊዜ ኪሳራ ደግሞ ሕጉን የምታወጣው ግዛት ራሷ ልትካፈለው ይገባል።