ካልነካነው የእግዜር፣ ከነካነው የእኛ

በደሳ፣ አያቴ ግቢ በር ላይ ትልቅ ዋርካ አለ። ዕድሜውን የሚያውቅ የለም። ከሥሩ አንዲት ሴት ሻይ ታፈላለች፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆችም እዚያው ይጫወታሉ። ባለፈው ዓመት፣ ንፋስ እንኳ በሌለበት አንድ ከሰዓት፣ ጭኔን የሚያክል ቅርንጫፍ ወድቆ አግዳሚ ወንበሯን ለሁለት ሰበረው። ሰው አልተቀመጠበትም ነበር። «እግዜር አተረፈን» ተባለ፤ ወንበሩም ተጠግኖ እዚያው ቦታው ተመለሰ።

እኔ አዲስ አበባ ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝ፤ ስለ ዛፍ የማውቀው ያነበብኩትን ያህል ነው። ለበዓል ስሄድ ግንዱን በዱላ መታ መታ አደረግኩት፤ እንደ ከበሮ ጮኸ። ሁለቱ ትልልቅ ክንዶቹ በሚለያዩበት ቦታ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ።

ባዶ መሆኑ ብቻውን ሞት አይደለም። የምህንድስና ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ክብ ግንድ ከመሃሉ እስከ ራዲየሱ 70 በመቶ ድረስ ቢቦረቦርም፣ ዙሪያው ካልተሰነጠቀ፣ መጉበጥን የመቋቋም አቅሙ 76 በመቶ ያህል ይቀራል። ችግሩ ስንጥቁ ነው፤ ከላይ የተሸከመው ደሞ አልቀነሰም። አናቱን በሁሉም በኩል በአንድ አምስተኛ ብናሳጥረው ንፋስ የሚይዘው ስፋት ወደ 64 በመቶ ይወርዳል፤ ቁመቱም ስለሚያጥር ግንዱ ሥር የሚደርሰው ጫና በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እንዲህ የሚያተርፍ ማሻሻያ በሥራዬ አይቼ አላውቅም።

አጎቴ ግን «ወይ ቁረጠው ወይ ተወው» አለኝ። ጎረቤታችን የሆኑት ሽማግሌ ደግሞ መነካቱንም አይወዱም። የወረዳችን ስም ራሱ ኦዳ ቡልቱም ነው፤ የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ ይቀመጥበት ከነበረው የኦዳ ዛፍ የመጣ። ገዳ በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሰው ሁሉ ስለ ሥርዓቱ አወራ፤ ሽማግሌው ግን ዛፉን ነው የሚያስቡት። ጥላው ሥር ዕርቅ የወረደበትን ነገር በመጋዝ አይጠጉትም።

ይህን ክብር አልንቅም። ግን ከክብሩ ጋር ሌላ ነገር የተደበቀ ይመስለኛል። ዛፉን ካልነካነውና ልጅ ላይ ከወደቀ፣ የእግዜር ሥራ ነው፤ ለቅሶ እንቀመጣለን። ከነካነው በኋላ ከወደቀ ግን የኔ እጅ ነው። አለመንካት ንጹህ ያስመስላል። ስንጥቁን ካየሁ ወዲህ ግን መተዉም የኔው ውሳኔ ነው፤ ያን ወንበር እያየሁ ዝም ብዬ ወደ አዲስ አበባ መሳፈር እንደማንኛውም ድርጊት ድርጊት ነው።

ሽማግሌው ትክክል የሆኑበት ቦታም አለ። አሜሪካዊው አሌክስ ሺጎ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በመጋዝ እየሰነጠቀ ሲያጠና ያየው፣ ዛፍ ቁስሉን እንደ ሰው አካል እንደማያድን ነው፤ ያጥረዋል እንጂ። የቆረጥከው ለዘላለም ውስጡ ይኖራል። እኛ አገር እንደሚደረገው አናቱን ጉማጅ አድርገው ከለቀቁት ያቆጠቁጣል፣ ሰውም «አየህ፣ ለመለመ!» ይላል። አዲሱ ቀንበጥ ግን የተያዘው ከላይ ከላዩ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጉማጅ ሲበሰብስ ተገንጥሎ ይወድቃል። በደንብ መከርከም ማለት እያንዳንዱን ክንድ መሪ ሊሆን የሚችል ታናሽ ቅርንጫፍ ጋ ማቆም፣ ሥራውን በዓመታት ከፋፍሎ፣ እየተመለሱ ማየት ነው። «አንተ አዲስ አበባ ነህ፤ ማን ይመለስለታል ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህን ሁሉ ስንከራከር ሻይ የምታፈላዋን ማንም አልጠየቃትም። ሄጄ ነገርኳት።

«ስንት ጥላ ትወስዱብኛላችሁ?» አለች።

ያው ሂሳብ ነው። «ሥራው ሲያልቅ፣ ከመቶ ሠላሳ ስድስት ያህሉን» አልኳት።

ከሰሉን ስታራግብ ቆየችና «እና ከሰዓት ደንበኛዬን የት ላስቀምጠው?» አለችኝ።