9 የተጻፈባቸው ቀናት

ልጄ፣ የስሜንን ደመና ከሳተላይት መረጃ ልቆጥር ነው ስትይኝ ደስ አለኝ። ደባርቅ ተወልዶ ጉም ያልጠገበ የለም። ሳትጀምሪ ግን ስሚኝ፤ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላል የአገርሽ ሰው።

ጠዋት ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ብትቆሚ ቆላው ወለል ብሎ ይታይሻል። ፀሐይ ስትጠነክር ጉሙ ገደሉን ይዞ ይወጣና የቆምሽበትን ድንጋይ ሳይቀር ይሸፍነዋል። ቴራ የምትባለው ሳተላይት ለብዙ ዓመታት ረፋድ 4፡30 አካባቢ ስታልፍ ኖራለች፤ አኳ ደግሞ ከቀኑ 7፡30 አካባቢ። ሁለቱም አይዋሹም። የአንዷን ብቻ ይዘሽ «የስሜን ደመና ይህን ያህል ነው» ካልሽ ግን ዳባት ገበያን ጎሕ ሲቀድ አይቶ «ባዶ ሜዳ ነው» እንዳለው መንገደኛ መሆንሽ ነው። ሜቲዮሳት፣ ከ36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀትም ቢሆን፣ በየ15 ደቂቃው ታያለችና እሷንም ምስክር ጥሪ።

ደመናው ውስጥ ያለው በረዶማ ይብሳል። በ1998 ዓ.ም. የመጠቀችው ክላውድሳት ደመናን በራዳር ሰንጥቃ ታይ ነበር፤ ግን ከሥሯ ያለችውን፣ ከ2 ኪሎ ሜትር የማትሰፋ ሰርጥ ብቻ። በ2003 ባትሪዋ ደከመና ከዚያ ወዲያ የሠራችው በቀን ብርሃን ነው። ከእሷ የሌሊቱን በረዶ የሚጠብቅ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይበል። ራዳር ደግሞ ለትልቁ ያደላል፤ የአንዲት ደቃቅ ቅንጣት ውፍረት እጥፍ ሲሆን ምላሹ እስከ 64 እጥፍ ያድጋል። ሸንጎ ላይ ድምፀ ጎርናናው ብቻ እንደሚሰማው ነው (እኔም አንዱ ነኝ)። ላይዳር የተባለው የጨረር መሣሪያ ስሱን ደመና ያያል፣ ወፍራሙ ውስጥ ግን ይጠፋል። በግንቦት 2016 የመጠቀችው ኧርዝኬር ሁለቱንም ይዛለች።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የአየር ጠባይ ታዛቢ ሳለሁ ሰማዩን ለስምንት ከፍለን የተሸፈነውን እንጽፍ ነበር። ጉም ሰማዩን ጨርሶ ሲጋርደው 9 ይጻፋል፤ ሰማዩ አልታየም ማለት ነው። የወሩን አማካይ ሳወጣ እነዚያን 9ኞች እየዘለልኩ ደመርኩ። የክረምቱን ድፍን ቀናት ጥዬ ብራውን ብቻ ቆጠርኩ፤ ሪፖርቱም ደባርቅን ከሆነችው በላይ ፀሐያማ አደረጋት። ጨረቃ በሌለበት ሌሊትም ስሱን ከፍተኛ ደመና ሳላየው 0 የጻፍኩበት ጊዜ ነበር።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሰዓቱን ጻፊ። ያልታየበትን ቀንም ለብቻው ቁጠሪው። አደራ፣ 9 የተጻፈባቸውን ቀናት እንደ እኔ አትዝለያቸው።