ከጥልቁ የሚሰማው ግጭቱ ነው

ጎንደር ባሕር የላትም። ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ከሥሯ ያለው አለት ግን የውቅያኖስ ሞገድ ይደርሰዋል። ሞገድ የሚፈጥረው ግፊት ወደ ባሕሩ ወለል ወርዶ፣ ከዚያ በምድር ውስጥ ተጉዞ፣ ማንም በእግሩ የማያውቀው ስስ ንዝረት ሆኖ ዳባትና ደባርቅ ድረስ ይወጣል። የርዕደ መሬት መመዝገቢያዎች ይህን ንዝረት በመላው ዓለም ይጽፉታል።

ተመራማሪዎች ያንኑ ግፊት ውኃው ውስጥ ሆነውም ያዳምጡታል። ጥልቅ ባሕር ውስጥ ሃይድሮፎን፣ ማለትም የውኃ ማይክሮፎን ያስቀምጣሉ። ጆሮ የማይሰማውን ወፍራም ድምፅ ይቀዱና ላይ ያለውን ሞገድ ሳያዩ ይገምታሉ።

ነገሩ ግን አንድ ጉድ አለው። ሞገዶች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄዱ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢገዝፉ ግፊታቸው ወደ ታች በወረድን ቁጥር እየሳሳ ይጠፋል። ኪሎ ሜትሮች ጠልቆ የሚደርሰው፣ ሞገዶች ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚወለደው ድምፅ ነው። ይህን እንግሊዛዊው ማይክል ሎንጌት-ሂጊንስ በ1950 እ.ኤ.አ. በስሌት አሳይቷል። ስለዚህ ላይ ትልቅ ሞገድ እየሄደ ታች ጸጥ ሊል ይችላል።

እኛስ ጎንደርን ከአዲስ አበባ ወይም ከዋሽንግተን ስናዳምጥ የሚደርሰን ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ግጭቱ። ገበያ የወጣው ገብስ፣ ለቅሶ የደረሰው ጎረቤት፣ ደብተሯን ይዛ ዳገት የምትወጣው ልጅ እስከኛ አይደርሱም። እንዲህ እያልን አንድን ሕዝብ በሙሉ በጠቡ ብቻ እናውቀዋለን፤ ይባስ ብለን እንፈርድበታለን።

ዝምታውም ያታልላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ሩቅ ላለ ሰው ብዙ ነገር ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ግን ስለ ሰዎቹ ሰላም ምንም አይናገርም ነበር። «አልተሰማኝም» እና «ምንም የለም» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው እኮ።

ታዲያ ከሩቅ አናዳምጥ? እናዳምጥ እንጂ! ጆሮ መንፈግ የባሰ ነው። ግን የሃይድሮፎኑ ግምት ውኃው ላይ ከሚንሳፈፈው መለኪያ ጋር ይመሳከራል። እኛም ከመፍረዳችን በፊት እዚያው ያለን ሰው መጠየቅ አለብን። ስንደውል ደግሞ «ምን ተፈጠረ?» ብቻ አይበቃም። «ገብሱስ እንዴት ነው? ልጆቹስ ትምህርት ገቡ?» እንበል፤ ሳይጠየቅ የማይሰማው ይሄኛው ነውና።